ነጻው የትኛው ነው? የአንድ ዩኒየን የዳታቤዝ ንድፍ ሶፍትዌር ምርጫ በደብረ ብርሃን

ይህ ጥናት በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ2017 ዓ.ም. የአባላቱን፣ የማዳበሪያውንና የእህሉን መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ለማዛወር ሲነሣ፣ ለንድፉ ሥራ የሚሆነውን ሶፍትዌር እንዴት እንደመረጠ ይተርካል። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዩኒየኑ ቢሮ የተነሣው ክርክር ስለ ዋጋው መጠን ብቻ አልነበረም፤ ስለ ውጭ ምንዛሬ፣ ስለ ደረሰኝና ስለ አባላት ምስጢር ጭምር ነበር። ከሁሉም በላይ ያከራከረው ግን ንድፉ ከተሠራበት ሶፍትዌር ተላቅቆ መውጣት ይችላል ወይስ እዚያው ታስሮ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ምርጫውን እንዲያግዝ ተጋብዞ ስለነበር የሚከተለው ከቅርብ የታየ ነው።

የሥራው ጠባይ

ዩኒየኑ በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች የተደራጁ መሠረታዊ ማኅበራትን ያቅፋል። ከክረምት በፊት ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ተቀብሎ ለማኅበራቱ ያከፋፍላል፤ ከመኸር በኋላ ስንዴና የቢራ ገብስ ሰብስቦ ይሸጣል፤ የአባላትን ዕጣና የትርፍ ክፍፍል ይመዘግባል። ማዳበሪያው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ግን በየማኅበሩ ጸሐፊ ደብተር ውስጥ ይቀራል። አንድ ገበሬ ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል እንደወሰደ ለማወቅ ደብተሩን የያዘውን ሰው በስልክ ማፈላለግ ግድ ነበር። በዋናው ቢሮ ያሉት የኤክሴል ፋይሎችም ቢሆኑ አንዱን ሰው በተለያየ አጻጻፍ ደጋግመው ይዘውታል፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ለሥራው የተመደቡት የዩኒየኑ የመረጃ ባለሙያ፣ በኮንትራት የተቀጠረ አንድ ወጣት የሶፍትዌር አልሚ እና የሒሳብ ክፍሉን የምትወክል ባለሙያ ናቸው። የሚሠሩባቸው ላፕቶፖች መካከለኛ አቅም ያላቸው ናቸው። መብራትና ኢንተርኔት በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግመው ሊቋረጡ እንደሚችሉ ሦስቱም አስቀድመው ያውቃሉ፤ ይህም በኋላ ለምርጫው ከዋጋው እኩል ሚዛን ደፍቷል።

የንድፍ ሶፍትዌር ምን እንደሚሸጥ በግልጽ መረዳት ያስፈልጋል። መረጃን በሰንጠረዥ ከፋፍሎ በቁልፍ የማያያዙ ሐሳብ የተጀመረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ነው፤ ነገሮችንና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት በሥዕል የማሳየቱ ስልት ደግሞ ከፒተር ቼን የ1976 ጥናት በኋላ ተስፋፋ። ሥዕሉ ራሱ በእርሳስና በወረቀትም ይሠራል። ሶፍትዌሩ የሚጨምረው ሥዕሉን ወደ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ ሰንጠረዦችን እንዲፈጥርና መረጃ እንዲሰጥ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዝ መለወጥን፣ በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝን አንብቦ ሥዕል ማውጣትን፣ ሁለቱን አነጻጽሮ ልዩነቱን ማሳየትን ነው። አንድን የዋጋ ዝርዝር ሲመለከቱ መጠየቅ ያለበት ከእነዚህ ችሎታዎች የትኛው በየትኛው እርከን ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሥዕሉን በነጻ አሠርተው የኤስኪውኤሉን ፋይል በክፍያ የሚሰጡ አሉ፤ ይህ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ሒሳብ ነው።

የሥዕሉ ጥቅም ቁልጭ ብሎ የታየው በቦርዱ ስብሰባ ላይ ነበር። አልሚው የመጀመሪያውን ንድፍ በአማርኛ ስያሜዎች በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በዚያ ንድፍ አንድ አባል አንድ ቀበሌና አንድ የእርሻ መሬት ብቻ ነበረው። ከእነዋሪ በኩል የመጡ አንድ አረጋዊ የቦርድ አባል ወረቀቱን ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኔ እዚህ ላይ የት ነኝ? መሬቴ እኮ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ማዶ ቀበሌ ነው» አሉ። ሌላው ተከትለው መሬቱን በእኩል የሰጠው ሰውና በእኩል የሚያርሰው ሰው ማዳበሪያውን በማን ስም እንደሚወስዱ ጠየቁ። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ የሚሰፍር መሆኑም ተነሣ፤ እንግዲህ ይዞታን ከአባል ጋር የሚያያይዘው ነገር በአባሉ ሰንጠረዥ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዓምድ ሊሆን አይችልም፤ ራሱን የቻለ ሰንጠረዥ ይፈልጋል። በእኩል የሚያርሰውም ለአንድ ወቅት ብቻ ስለሚዋዋል፣ ግንኙነቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ሊኖረው ይገባል። ከሰዓት በኋላ በተነሡት ጥያቄዎች ምክንያት ከአሥራ አምስት የማይበልጡት ሰንጠረዦች ቀስ በቀስ ከሠላሳ አለፉ። በጸሐፊው ግምት ከዚያ ስብሰባ የተገኘውን ማስተካከያ በየትኛውም ዋጋ የሚሸጥ ሶፍትዌር አይሰጥም።

ነጻ እርከን ያላቸው ብዙ አገልግሎቶች ገደባቸውን የሚተክሉት ግን ልክ በዚህ ቦታ ነው። ለመልመጃ የሚሆን ንድፍ አሥር ሰንጠረዥ ይበቃዋል፤ የእውነት ሥራ ሲጀመር ቁጥሩ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የክፍያ ጥያቄ ይመጣል።

የሦስት ሰው ዋጋ

የመረጃ ባለሙያዋ መጀመሪያ የተጠቀመችው በአሳሽ ውስጥ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር አገልግሎት ነበር። አጠቃቀሙ ቀላል፣ መልኩም ያማረ ነው። ንድፉ ሲሰፋ የነጻው እርከን ወሰን ላይ ደረሰ፤ አዲስ ሰንጠረዥ መጨመር ተከለከለ። ከዚህ የባሰው ሁለተኛው ግኝት ነው፤ በነጻው እርከን የሚሠራ ንድፍ አድራሻውን ላወቀ ሰው ሁሉ ክፍት ነበር። የሰንጠረዥ መዋቅር ብቻውን የማንም ምስጢር አይደለም፤ ነገር ግን በማብራሪያ ሳጥኖቹ ውስጥ የእውነተኛ አባላት ስምና ስልክ ቁጥር በምሳሌነት ሰፍሮ ተገኘ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ባለበት አገር፣ የገበሬዎችን መረጃ በአደራ የያዘ ተቋም ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይችልም። ምሳሌዎቹ ወዲያው ተሰርዘው ንድፉ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያ እርከኖች ተሰላ። በዚህ ዘርፍ ዋጋ የሚተመነው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ተጠቃሚ በወር ነው፤ በዓመት ለሚዋዋል ቅናሽ ይደረጋል። ለሒሳቡ እንዲያመች በነፍስ ወከፍ በወር 10 ዶላር ይባል። ሦስት ሰው በዓመት 360 ዶላር ይከፍላል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 20,520 ብር ነበር፤ በ130 ብር ሲመነዘር 46,800 ብር ይሆናል። ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ገዢው ከእጥፍ በላይ ይከፍላል ማለት ነው። በጀቱን በብር የሚያጸድቅ ዩኒየን በዶላር የተዋዋለውን የዓመት ክፍያ አስቀድሞ መተመን አለመቻሉ ከመጠኑ ይልቅ ሥራ አስኪያጁን አሳስቧቸዋል።

ገንዘቡ ቢኖርም መንገዱ ጠባብ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች የሚከፈሉት በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ በቴሌብር ወይም በአገር ውስጥ የባንክ ዝውውር አይቀበሉም። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልላቸው አድርገው ይገላገላሉ። ለግለሰብ ይህ ያስኬዳል፤ ለኦዲት ለሚቀርብ ተቋም ግን አያስኬድም። የሒሳብ ባለሙያዋ ፕሮፎርማ ከሦስት አቅራቢ፣ የግዢ ውሳኔ፣ የታክስ ደረሰኝ ትጠይቃለች፤ የወንድም ካርድ ላይ የወጣ ዶላር በየትኛው መደብ እንደሚወራረድ የሚነግራት አልነበረም። «ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ ወጪ አይደለም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። አልሚው ቅር ቢለውም እውነቱ ከእርሷ ጋር ነበር።

ሦስተኛው ሐሳብ በከተማው ኮምፒውተር ቤቶች ዘንድ የተለመደው ነው፤ ዋጋው ውድ የሆነውን ሶፍትዌር በክራክ መጫን። ይህ ሐሳብ ዕድሜው አጭር ነበር። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ የቁልፍ ሰባሪው ፕሮግራም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል ነው፤ እንዲሠራም ጸረ ቫይረሱን ማጥፋት ይጠይቃል፤ የዩኒየኑ የሒሳብ መዝገብ ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ አልሚው ተማሪ ሳለ ያገኘውን የትምህርት ፈቃድ መጠቀም። የትምህርት ፈቃድ ለመማርና ለማስተማር እንጂ ለደመወዝ ሥራ እንደማይፈቀድ በውሉ ላይ በግልጽ ስለሚጻፍ ይህም ተተወ።

ነጻ የሚባሉት

በነጻ የሚቀርቡት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ዩኒየኑን ያደናገረውም ይህ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ማን ነጻነቱን መልሶ ሊወስደው ይችላል ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሙከራ የሚባለው ለተወሰኑ ቀናት ሙሉውን ሶፍትዌር ይሰጥና ይዘጋል። ይህ ዕቃ ማሳያ እንጂ ነጻ አማራጭ አይደለም፤ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ንድፉን በራሱ የፋይል ዓይነት ብቻ የሚያስቀምጥ ሲሆን ነው። ገደብ ያለበት ነጻ እርከን ሌላው ነው። ሉሲድቻርት የተባለው የድር የሥዕል አገልግሎት ለምሳሌ በነጻው እርከን ጥቂት የሚስተካከሉ ሰነዶችንና በአንድ ሰነድ የተወሰኑ ቅርጾችን ብቻ ይፈቅዳል፤ ለሠላሳ ሰንጠረዥና ለማያያዣ መስመሮቻቸው ይህ አይበቃም። ገደቡን ኩባንያው ነገ ሊያጠብበው ወይም ሊያሰፋው ይችላል፤ ተጠቃሚው በዚህ ላይ ድምፅ የለውም።

ባለቤቱ ኩባንያ ሆኖ ያለ ክፍያ የሚሰጠውም አለ። የኦራክል ኤስኪውኤል ዴቨሎፐር ዳታ ሞዴለር ከዚህ ይመደባል። ችሎታው ከብዙ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች አያንስም፤ ይሁን እንጂ ትእዛዝ የሚያወጣው በዋናነት ለኦራክል፣ ለኤስኪውኤል ሰርቨርና ለዲቢቱ ዳታቤዞች በመሆኑ፣ ዩኒየኑ ከእነዚህ አንዱንም ስለማይጠቀም ከዝርዝሩ ወጣ።

የመጨረሻዎቹ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዳቸው ለማንም የተገለጠ፣ የሚባሉት ናቸው፤ ፈቃዳቸው አንዴ ከተሰጠ በተሰጠው ቅጂ ላይ አይሻርም። ማይኤስኪውኤል ለተባለው ዳታቤዝ የተሠራው ወርክቤንች የማኅበረሰብ እትሙ በጂፒኤል ፈቃድ ይሰጣል፤ ከብዙ ዓይነት ዳታቤዝ ጋር የሚሠራው ዲቢቨር የማኅበረሰብ እትሙ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ይወጣል፤ ፒጂአድሚን ፖስትግሬስኪውኤል ለተባለው ሌላ ክፍት ምንጭ ዳታቤዝ የተሠራ ሲሆን ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሱ የንድፍ ሥዕል መሥሪያ አለው። በዚህ ምድብ ውስጥም ክፍያ አይጠፋም። ፒጂሞዴለር ኮዱን ለማንም በነጻ ይሰጣል፤ ተዘጋጅቶ በአንድ ጠቅታ የሚጫነውን ፕሮግራም ግን ይሸጣል። ከኮዱ ራሱ አጠናቅሮ የሚጭን ሰው አይከፍልም፣ ጊዜ የሌለው ይከፍላል። ለጸሐፊው ይህ ከሁሉም የዋጋ ስልት ሐቀኛው ነው፤ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ገዢው በግልጽ ያውቃልና።

ድሮው አይኦ የተባለው የሥዕል መሣሪያ በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት በዴስክቶፕ ላይ ይሠራል፣ የአማርኛ ፊደልንም ያለ ችግር ይጽፋል። የቦርዱ ወረቀት የተሣለውም በእርሱ ነበር። ነገር ግን ሥዕሉን ወደ ሰንጠረዥ ትእዛዝ አይለውጥም። የማይክሮሶፍቱ የሥዕል ሶፍትዌር ቪዚዮም በክፍያ ቢሆን በዚህ ነጥብ ላይ ከእርሱ አይሻልም። ለዓመታት የታወቁት ሁለት እርከኖቹ ለአንድ ሰው በወር 5 እና 15 ዶላር ነበሩ፤ ያለውን ዳታቤዝ አንብቦ ሥዕል የማውጣቱ ችሎታ በውዱ እርከን ላይ ብቻ ይገኛል፤ ከሥዕል ወደ ኤስኪውኤል መሄድ ግን በሁለቱም የለም። ቢሮ ሁሉ ስለሚያውቀው ብቻ ለዳታቤዝ ንድፍ የሚገዛው ሰው የገዛው የሥዕል ሰሌዳ ነው።

የተመረጠው

አልሚው በዩኒቨርሲቲ የለመደውና የሙከራ ሥራውን የጀመረበት ዛምፕ (ከማይኤስኪውኤል ጋር የሚቀራረብ ዳታቤዝን ጨምሮ በአንድነት የሚጭን ነጻ ጥቅል) ስለነበረ፣ ምርጫው ወደ ወርክቤንች አጋደለ። ሥዕል ይሠራል፣ ትእዛዝ ያወጣል፣ ዳታቤዝ ያነብባል፣ ሞዴሉንም ከዳታቤዙ ጋር ያመሳስላል፤ ይህ ሁሉ በነጻው እትም ውስጥ አለ። የሰንጠረዥ ቁጥር ገደብ የለበትም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ችግር አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ዛምፕ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞ የሚመጣው ማይኤስኪውኤልን ሳይሆን ከእርሱ የተገነጠለውን ማሪያዲቢን ነው። ወርክቤንች ደግሞ ለማይኤስኪውኤል 8 ትእዛዝ ሲያወጣ በእያንዳንዱ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) መጨረሻ ላይ «ቪዚብል» የሚል ቃል ይጨምራል፤ ማሪያዲቢ ይህን ቃል ስለማያውቀው ትእዛዙን በስሕተት ቁጥር 1064 ይመልሰዋል። መፍትሔው በሞዴሉ ምርጫዎች ውስጥ የታለመውን እትም ወደ 5.7 ዝቅ ማድረግ ነው፤ ቃሉ ከዚያ በኋላ አይጨመርም። ይህን ለማግኘት ግን የሚጠይቁት የድጋፍ ሰጪ ክፍል የለም፤ ነጻ ሶፍትዌር የሚያስከፍለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ዩኒየኑ ወጪውን የተሸከመው በአልሚው የሥራ ሰዓት ነው፤ ከዓመት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የመጣው ከሒሳብ ክፍሉ ነው። ኦዲተር ሲመጣ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሚይዝ የሚያስረዳ ሰነድ ይፈለጋል። ወርክቤንች እንዲህ ያለውን ሰነድ በራሱ የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለው፤ የሚገኘው ግን በሚሸጡት እትሞች ውስጥ ብቻ ነው። ለአንድ ሰነድ ሲባል የንግድ እትም መግዛት አላስፈለገም። በየዓምዱ የማብራሪያ ቦታ ላይ ትርጉሙ በአማርኛ ተጻፈ፤ ከዚያም ዳታቤዙ ስለ ራሱ መዋቅር የሚይዘውን የመረጃ መዋቅር ሰንጠረዥ በአንድ ጥያቄ አንብቦ ወደ ኤክሴል ማውጣት በቂ ሆነ። የሒሳብ ባለሙያዋ ራሷ ማብራሪያዎቹን አርማ አስተካክላለች፤ «የተከፈለ» የሚለው ዓምድ ገበሬው የከፈለውን ነው ወይስ ዩኒየኑ ለገበሬው የከፈለውን ነው ብላ ያነሣችው ጥያቄ ሁለት ዓምዶችን አስለይቷል።

በየትኛውም የክፍያ እርከን መልስ የማያገኝ አንድ ጉዳይ ደግሞ ነበር፤ የቀን አመዘጋገብ። ደረሰኞቹ ሁሉ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዳታቤዙ የቀን ዓይነት ውስጥ እንዳሉ ቢገቡ፣ የጳጉሜን ወር አሥራ ሦስተኛ ስለሆነ አይቀበለውም፤ ጥቅምት 30ም ሁለተኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይመልሰዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን የሚቀበላቸው ናቸው። መስከረም 5 ቀን 2017 ብሎ የተጻፈው ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ተብሎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀመጣል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ወደ ኋላ የሄደ ማዳበሪያ ማለት ነው። ውሳኔው ዳታቤዙ በጎርጎርዮስ ቀን እንዲይዝ፣ ማስገቢያና ማሳያ ገጾቹ እንዲለውጡት፣ የደረሰኙ ቀን ግን እንደተጻፈ በተጨማሪ የጽሑፍ ዓምድ እንዲቀመጥ ሆነ። ሁለት ጊዜ መያዙ ለንድፍ ሥርዓት የማይመች ቢመስልም፣ ኦዲተሩ የሚያመሳክረው ከወረቀቱ ጋር ስለሆነ ተገቢ ነው። የስሙም ነገር በተመሳሳይ መንገድ ተፈታ፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በየዓምዳቸው እንደተጻፉ ይቀመጣሉ፤ ከጎናቸው ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተጠቀለሉበት የመፈለጊያ ዓምድ አለ። ለሶፍትዌር ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ለሚያስብ ሰው ቢከፈል የተሻለ እንደሆነ ለሥራ አስኪያጁ ሲነገራቸው አልተቃወሙም። ከፊሉ ለዩፒኤስና ለመጠባበቂያ ሐርድ ዲስክ ዋለ፤ የቀረው የአልሚውን ውል አራዘመ።

ያልተፈታው

ነጻው ምርጫ የተሸነፈበት ቦታ አለ፤ እርሱም አብሮ መሥራት ነው። የወርክቤንች ሞዴል የታመቀ አንድ ፋይል ነው፤ ሁለት ሰዎች በየላፕቶፓቸው ካሻሻሉት ሁለቱን በቀላሉ ማዋሐድ አይቻልም። ሦስቱ ባለሙያዎች ፋይሉን በፍላሽ ሲቀባበሉ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። የሚከፈልባቸው የድር አገልግሎቶች የሚያምሩት በዚህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሥዕል ላይ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ ማን ምን እንደለወጠም ይታያል። የዩኒየኑ ሠራተኞች በአንድ ፎቅ ላይ ባይቀመጡ ኖሮ፣ ኢንተርኔቱም ቢታመን ኖሮ፣ የጸሐፊው ምክር ወደ ክፍያው ያጋድል ነበር። ብዙ ዓይነት ዳታቤዝ ጎን ለጎን የሚያስተዳድር ባንክ ወይም ብዙ አልሚዎች ያሉት ድርጅትም እንደ ኤርዊን ያሉትን ውድ መሣሪያዎች ቢገዛ አባካኝ አይባልም።

በደብረ ብርሃኑ ቢሮ የተወሰደው መፍትሔ የሥልጣን ተዋረዱን መገልበጥ ነው። ዋናው ሰነድ ሥዕሉ መሆኑ ቀርቶ የኤስኪውኤሉ የጽሑፍ ፋይል ሆነ። ማንኛውም ለውጥ በቁጥር በተሰየመ ትንሽ ፋይል ይጻፋል፤ ፋይሎቹ በጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዝ ነጻ ሶፍትዌር) ተመዝግበው በቢሮው የውስጥ ኔትወርክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጊት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሥዕሉ ሲያስፈልግ ከዳታቤዙ ተነብቦ ይወጣል፤ ወርክቤንች ባይኖር ዲቢቨር ያወጣዋል። ጽሑፍን መሠረት ያደረገው አሠራር በገበያውም አዲስ አይደለም፤ ዲቢኤምኤል የተባለው የንድፍ መጻፊያ ቋንቋ ክፍት ምንጭ ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚያሳየው ዲቢዳያግራም የክፍያ እርከኖች ቢኖሩትም፣ የተጻፈውን ወደ ኤስኪውኤል የሚለውጠው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ግን በነጻ በራስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የመረጃ ባለሙያዋ የኤስኪውኤልን ጽሑፍ ማንበብ መልመድ ነበረባት፤ መጀመሪያ አልወደደችውም፣ በኋላ ግን ለውጦቹን የምታጸድቀው እርሷ ሆናለች።

በአልሚው ውል ላይም አንድ አንቀጽ ተጨመረ። ሥራው ተረከበ የሚባለው የመዋቅሩ የኤስኪውኤል ፋይል፣ የለውጦቹ ታሪክና የዓምዶቹ ማብራሪያ አብረው ሲሰጡ ነው፤ ፎቶ ወይም በአንድ ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት ፋይል እንደ ርክክብ አይቆጠርም። ይህ አንቀጽ ለየትኛውም የዞኑ መሥሪያ ቤት ቢገለበጥ ይጠቅማል፤ አልሚው ሲለቅ ንድፉም አብሮት የሄደባቸው ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና የመጣው ዩኒየኑ መሠረታዊ ማኅበራቱን በኔትወርክ ለማገናኘት ሲያቅድና አልሚው ወደ ፖስትግሬስኪውኤል መሻገርን ሲያቀርብ ነው። ወርክቤንች ለፖስትግሬስኪውኤል ንድፍ አይሠራም፤ ንድፉ በእርሱ ፋይል ብቻ ቢኖር ሥራው ከዜሮ ይጀመር ነበር። የጽሑፍ ፋይሎቹ ግን ተከፍተው ተስተካከሉ፤ ቁጥርን በራሱ የሚጨምረው የማሪያዲቢ ትእዛዝ በፖስትግሬስኪውኤሉ ተተካ፣ በስሞች ዙሪያ ያለው የኋላ ጥቅስ ምልክት ተነሣ፣ ከአሉታዊ ቁጥር የተከለከሉት ዓምዶች በመቆጣጠሪያ ደንብ ተገደቡ። ሰንጠረዦቹ በሙከራ ኮምፒውተር ላይ ቆመው ፒጂአድሚን ሥዕላቸውን አውጥቷል። የቀረው የአማርኛ ማብራሪያዎቹ ጉዳይ ነው፤ ፖስትግሬስኪውኤል የዓምድ ማብራሪያን በሰንጠረዡ ትእዛዝ ውስጥ ስለማይቀበል፣ እያንዳንዱ ራሱን ወደ ቻለ ትእዛዝ እየተለወጠ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያዋም በዚሁ አጋጣሚ ዳግመኛ እያረመቻቸው ትገኛለች።